ከናስር እስከ ናስር፦ የዶ/ር ሪክ ማቻር የምክትልነት ዘመናት

በሴፕቴምበር 2025 ከጁባ በቴሌቪዥን የተላለፈውን የፍርድ ቤት ውሎ ያየ አንድ ወዳጄ፣ «ይሄ ሰውዬ ግን ስንት ጊዜ ነው ምክትል የሚሆነው? ስንት ጊዜስ ነው የሚባረረው?» ሲል ጠየቀኝ። በምስሉ ላይ ስምንት ተከሳሾች በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንደኛው የደቡብ ሱዳን አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት ዶ/ር ሪክ ማቻር ናቸው። ሰውየው ከዚያ ቀደም ለወራት በአደባባይ አልታዩም ነበር። የወዳጄ ጥያቄ የቀልድ ቢመስልም መልሱ በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ ባለመሆኑ፣ በጽሑፍ ልመልስለት አሰብኩ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቁጥሩን እናስቀምጥ። ዶ/ር ማቻር በ1997 ሱዳን ገና አንድ አገር ሳለች የፕሬዚዳንት ኦማር አልበሽር ረዳት ሆነው ካርቱም ገቡ። ከ2005 ጀምሮ የራስ ገዟ ደቡብ ሱዳን ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ2011 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የነፃይቱ አገር ምክትል ሆኑ፤ በ2013 ተባረሩ። በኤፕሪል 2016 «አንደኛ» የሚል ቅጽል ተጨምሮላቸው ተመለሱ፤ ሦስት ወር ሳይሞላቸው ሸሹ። በፌብሩዋሪ 2020 እንደገና ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በማርች 2025 በቤታቸው ታሰሩ፤ በሴፕቴምበር ታገዱና ተከሰሱ። በመካከሉ አንድም ጊዜ ሕዝብ በድምፁ «ይህ ሰው ምክትሌ ይሁን» ብሎ ለብቻው መርጧቸው አያውቅም። በ2010 በተደረገው ምርጫ ሕዝቡ የመረጠው ፕሬዚዳንቱን ነበር።

እኔ እንደሚገባኝ፣ ነገሩ የሚጠራው «ምክትል» የሚለውን ቃል እኛ በለመድነው ትርጉም ስንወስደው ነው የምንሳሳተው። በሌላ አገር ምክትል ማለት አለቃው ሲታመም ወይም ሲሞት የሚተካ፣ አለቃው ጤነኛ ሲሆን ደግሞ ሪባን የሚቆርጥ ሰው ነው። በደቡብ ሱዳን ግን ወንበሩ የተኩስ አቁም ዋጋ ነው። ጠመንጃ የያዘ ኃይል ጫካውን ትቶ ከተማ እንዲገባ የሚከፈለው ክፍያ የመሪው ወንበር ነው። ክፍያው ሲዘገይ ወይም ሲነጠቅ ጠመንጃው ወደነበረበት ይመለሳል። የዶ/ር ማቻር ታሪክ ይህ ግብይት እንዴት እንደተጀመረና ስንት ሰው እንደበላ ያሳያል።

ሰውየው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በላይኛው ናይል ምዕራባዊ ክፍል፣ ሌር በሚባል ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ብዙ ሚስቶችና ብዙ ልጆች የነበሯቸው የኑዌር ባላባት ናቸው። ልጁ የተማረው በፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮኖች አካባቢ ነው። ኑዌሮች ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ግንባሩ ላይ የሚያወጡት ስድስት የጠባሳ መስመር በእርሳቸው ግንባር ላይ የለም። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና አጥንተው ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩና በ1984 ከብራድፎርድ ዶክትሬታቸውን ይዘው ወጡ። በዚያው ዓመት በዶ/ር ጆን ጋራንግ የሚመራውን የሱዳን ሕዝቦች ነፃነት ጦር (ኤስፒኤልኤ) ተቀላቀሉ። ጫካ ውስጥ ዶክትሬት ያለው አዛዥ ብርቅ ነበርና በጥቂት ዓመታት ውስጥ የትውልድ አካባቢያቸው የጦር አዛዥ ሆኑ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ታሪክ ይገባል። ኤስፒኤልኤ የተወለደውና ያደገው በደርግ ክንፍ ሥር ነው። ሥልጠናው፣ መሣሪያው፣ የሬዲዮ ጣቢያው ሁሉ ከኢትዮጵያ ነበር። በጋምቤላ ኢታንግ የነበረው የስደተኞች ካምፕ ለጦሩ እንደ ደጀን ከተማ ያገለግል ነበር። ኤስፒኤልኤም በበኩሉ ውለታውን በጋምቤላና በአካባቢው ከደርግ ተቃዋሚዎች ጋር በመዋጋት ይመልስ ነበር። እናም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ፣ አዲስ አበባ ላይ ታንክ ሲገባ፣ በባሮ ወንዝ ዳር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ጓዛቸውን ተሸክመው ወደ አገራቸው ይጎርፉ ነበር። ጋራንግ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጀናቸውን፣ ሬዲዮናቸውንና ዋና ደጋፊያቸውን አጡ።

ከዚያ ጎርፍ አብዛኛው ያረፈው ናስር ነው። ናስር የባሮ ወንዝ ድንበራችንን ተሻግሮ ሶባት የሚል ስም ከያዘ በኋላ በዳርቻው የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ የነበሩት አዛዥ ዶ/ር ማቻር ናቸው። ኦገስት 28 ቀን 1991 እርሳቸው፣ ዶ/ር ላም አኮልና ጎርደን ኮንግ ጋራንግን ከሥልጣን ማውረዳቸውን ከናስር በሬዲዮ አወጁ። ክሳቸው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ጋራንግ አምባገነን ነው፣ የሚቃወመውን ያስራል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «አዲስ ሱዳን» እያለ አንድነትን ይሰብካል እንጂ ደቡቡ የሚፈልገው መገንጠልን ነው የሚል። አለማድነቅ የማይቻለው ነገር፣ በሁለቱም ነጥብ ብዙ እውነት ነበራቸው። ከ20 ዓመት በኋላ የደቡቡ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ 98.83 በመቶ ድምፅ የመረጠው ማቻር በ1991 ያሉትን ነው።

ነገር ግን ፖለቲካ በሐሳብ ትክክለኛነት ብቻ አይለካም። ጋራንግ አልወረዱም። ክርክሩም ወዲያው የጎሳ መልክ ያዘ፤ ጋራንግ ዲንካ፣ ማቻር ኑዌር ናቸውና። በኖቬምበር 1991 የማቻር ወታደሮችና «ነጭ ጦር» በመባል የሚታወቁት የኑዌር ከብት ጠባቂ ወጣቶች የጋራንግ ትውልድ አገር በሆነችው ቦር ላይ ዘመቱ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 2,000 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ዘግቧል። ከብቱ ተነዳ፣ ከሞት የተረፈው በረሃብ አለቀ። የቦር ስም ከዚያ በኋላ ከዶ/ር ማቻር ስም ተለይቶ አያውቅም። አንድ ዲንካ ስለ ማቻር ሲናገር 2013ን ወይም 2025ን አያስቀድምም፤ 1991ን ነው የሚያስቀድመው።

የዚያ መከፋፈል ሁለተኛው ውጤት ይበልጥ አስገራሚ ነው። ደቡቡ ይገንጠል ብሎ የተነሳው ቡድን፣ ደጀን ስላልነበረው፣ ጥይት ከካርቱም መቀበል ጀመረ። ማለትም የሚገነጠለው ከሚገነጠልበት መንግሥት ታጥቆ አንድነት ከሚሰብከው የደቡብ ወንድሙ ጋር ተዋጋ። ቡድኑ ስሙን እየለዋወጠና እየተሰነጠቀ ቆይቶ በኤፕሪል 1997 ከመንግሥት ጋር የካርቱምን የሰላም ስምምነት ፈረመ። ስምምነቱ ለደቡቡ ወደፊት ሕዝበ ውሳኔ እንደሚደረግ ቃል ይገባል። ዶ/ር ማቻር የፕሬዚዳንቱ ረዳትና የደቡብ ክልሎች አስተባባሪ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ። የመጀመሪያው «ምክትልነት» ይኸው ነው። ቢሮ ነበራቸው፤ መኪና ነበራቸው፤ ሥልጣን ግን አልነበራቸውም። የነዳጅ ጉድጓዶቹ ባሉበት በገዛ አገራቸው ካርቱም ሌላ የኑዌር አዛዥ፣ ፓውሊኖ ማቲፕን፣ አስታጥቃ በላያቸው ላይ አዘመተች። በ2000 ተስፋ ቆርጠው ወጡ፤ በጃንዩዋሪ 2002 ናይሮቢ ላይ ከጋራንግ ጋር ታርቀው ወደ ኤስፒኤልኤ ተመለሱ።

ጋራንግ ለምን ተቀበሏቸው? ከሰላም ድርድሩ በፊት ኑዌሮችን ከካርቱም ጉያ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ለዶ/ር ማቻር ደግሞ ብቻቸውን የሚቆሙበት ቦታ አልቀረም። ሁለቱም ሒሳባቸውን አሰሉ። ይህንን ዕርቅ በደንብ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በኋላ የመጡት ዕርቆች ሁሉ የዚህ ግልባጭ ናቸው። ማንም ለቦር አልተጠየቀም፤ ማንም ካሣ አልከፈለም፤ ማዕረግ ብቻ ተከፋፈሉ።

ስለ ሰውየው ሰብዕናም ጥቂት ልበል፤ ያለዚያ ተከታይ ሳያጡ እንዴት እዚህ እንደደረሱ አይገባም። በኑዌሮች ዘንድ በ1906 የሞተ ንጉንዴንግ ቦንግ የተባለ ታላቅ ነቢይ አለ። በሕዝቡ ዘንድ እንደሚነገረው ንጉንዴንግ አንድ ቀን ግንባሩ ያልተተለተለ፣ ግራኝ የሆነና ጥርሱ ፍንጭት የሆነ መሪ እንደሚነሳ ተንብዮአል። ዶ/ር ማቻር ሦስቱንም ያሟላሉ። (ለእኛ «ግራኝ» የሚለው ቃል ሌላ ታሪክ ያስታውሰናል፤ ለእነርሱ ግን የተስፋ ቃል ነው።) የነቢዩ ዘንግ በእንግሊዞች ተወስዶ ኖሮ፣ በ2009 ዳግላስ ጆንሰን የተባሉ የታሪክ ምሁር ለጁባ ሲመልሱት በክብር የተቀበሉት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። አንድ የብራድፎርድ ዶክተር በትንቢት ያምናል አያምንም የሚለው የራሱ ጉዳይ ነው። ተከታዮቹ እንደሚያምኑ ግን ያውቃል።

የጋራንግና የካርቱም የሰላም ስምምነት በጃንዩዋሪ 2005 ተፈረመ። ጋራንግ በጁላይ 9 የሱዳን አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ካርቱም ውስጥ ቃለ መሐላ በፈጸሙ በሦስተኛው ሳምንት የተሳፈሩበት የኡጋንዳ ሄሊኮፕተር ወድቆ ሞቱ። ምክትላቸው ሳልቫ ኪር ተኳቸው። ዶ/ር ማቻር ደግሞ የኪር ምክትል ሆኑ። ሁለቱ ሰዎች እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ናቸው። ኪር ከመጀመሪያው የአንያንያ ጦርነት ጀምሮ በጫካ የኖሩ፣ የደኅንነት ሥራ ያሳደጋቸው፣ ጥቂት የሚናገሩ ባለ ባርኔጣ ወታደር ናቸው። ማቻር ፈገግታቸው የማይጠፋ፣ ቀኑን ሙሉ ማስረዳት የሚችሉ ምሁር ናቸው። ለስምንት ዓመት አብረው ሠሩ። በዚያ ጊዜ ምክትሉ የኡጋንዳው አማፂ ጆሴፍ ኮኒ ከካምፓላ መንግሥት ጋር የተደራደረበትን የጁባ ድርድር መርተዋል። ኮኒ በመጨረሻው ሰዓት ሳይፈርም ቀረ።

በ2011፣ ነፃነት በታወጀ ሰሞን፣ ዶ/ር ማቻር በጋራንግ ባለቤት በወ/ሮ ሬቤካ ንያንዴንግ ቤት የቦር ተወላጆች በተሰበሰቡበት ስለ 1991 ይቅርታ ጠየቁ፤ አለቀሱም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኔ የሰውየውን አንጀት ማየት አልችልም፤ ነገር ግን ጊዜው ለፓርቲ ሊቀ መንበርነት ለሚወዳደር ሰው የተመቸ እንደነበር አስተውያለሁ። ወ/ሮ ሬቤካ ግን ይቅርታውን በቁም ነገር የወሰዱት ይመስላል። በዲሴምበር 6 ቀን 2013 ዶ/ር ማቻር ፕሬዚዳንቱን በአደባባይ የተቹበትን መግለጫ ሲሰጡ ከጎናቸው ተገኝተው ነበር። ይህን የምጠቅሰው ለምንድን ነው? የ2013ቱ ጠብ ከመነሻው የዲንካና የኑዌር ጠብ እንዳልነበረ ስለሚያሳይ ነው። የጋራንግ ሚስትና ሌሎች ዲንካዎች፣ እንዲሁም የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ፓጋን አሙም ጭምር ከማቻር ጋር ወግነው ነበር። ጠቡ የፓርቲ ጠብ ነበር፤ ጥያቄውም በ2015 ይደረጋል ለተባለው ምርጫ ማን እጩ ይሆናል የሚል ነበር።

ኪር አካሄዱን በደረጃ አደረጉት። በኤፕሪል 2013 ለምክትላቸው በውክልና የሰጧቸውን ሥልጣን በአዋጅ ነጠቁ። በጁላይ 23 ምክትሉንም መላውን ካቢኔም በአንድ ምሽት አሰናበቱ። የሽግግሩ ሕገ መንግሥት ይህን ይፈቅድላቸዋል፤ ምክትሉን የሚሾመውም የሚሽረውም ፕሬዚዳንቱ ነው። ዶ/ር ማቻር በዚያን ጊዜ ውሳኔውን ተቀብለው ትግላቸውን በፓርቲ ውስጥ እንደሚቀጥሉ መናገራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ችግሩ ፓርቲውና ጦሩ አንድ መሆናቸው ነው። በፓርቲ ስብሰባ የተጀመረው ክርክር በዲሴምበር 15 ምሽት በፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎች ሰፈር ውስጥ የዲንካና የኑዌር ወታደሮች ተኩስ ሆነ። በማግስቱ ኪር የወታደር ልብስ ለብሰው በቴሌቪዥን ቀረቡና «መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ» አሉ። በኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የተመራው የአፍሪካ ኅብረት አጣሪ ኮሚሽን በኋላ ለመፈንቅለ መንግሥት ማስረጃ አላገኘም።

በእነዚያ ቀናት ጁባ ውስጥ ኑዌሮች ቤት ለቤት እየተፈለጉ ተገደሉ፤ ጉዴሌ በሚባል ሰፈር በአንድ የፖሊስ ሕንፃ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ታጉረው ተረሸኑ። ምላሹም አልዘገየም። በላይኛው ናይል፣ በቦርና በቤንቲዩ የኑዌር ወታደሮች ከዱ፤ ነጭ ጦርም ተነሳ። ዶ/ር ማቻር ከጁባ አምልጠው የዚህ ሁሉ መሪ ነኝ አሉ። በኤፕሪል 2014 የእርሳቸው ወገን ቤንቲዩን ሲይዝ በአንድ መስጊድ የተጠለሉ ከ200 በላይ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቋል። የለንደን የጤና ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ግምት ከዲሴምበር 2013 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በጦርነቱ ሰበብ የጠፋው ሕይወት ወደ 400 ሺህ ይጠጋል።

ድርድሩ አዲስ አበባ ላይ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ኢጋድን ወክለው ዋናው አደራዳሪ አቶ ስዩም መስፍን ነበሩ። ከጃንዩዋሪ 2014 ጀምሮ ልዑካኑ በከተማችን ሆቴሎች ውስጥ ለወራት ተቀመጡ። የተኩስ አቁም ይፈረማል፤ በነገታው ይጣሳል። በሜይ 2014 ኪርና ማቻር ራሳቸው መጥተው ፈረሙ። ኪር አገራቸው ሲገቡ ካልፈረምክ አስርሃለሁ ተብዬ ነው የፈረምኩት ብለው በአደባባይ ተናገሩ። በኦገስት 2015 ዋናውን ስምምነት ማቻር እዚሁ አዲስ አበባ ሲፈርሙ ኪር አልፈርምም አሉ፤ ከቀናት በኋላ ጁባ ላይ ፈረሙ፣ ግን ረዘም ያለ የተቃውሞ ዝርዝር አያይዘው። እኔ ያንን ዝርዝር የስምምነቱ ዋና ክፍል አድርጌ ነው የማየው። ፊርማው ለለጋሾች ነው፤ ዝርዝሩ ለራሳቸው።

ስምምነቱ «አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት» የሚባለውን ወንበር ፈጠረ። ይህ ወንበር ከቀድሞው በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል፤ ተሿሚውን የሚያቀርበው የታጠቀው ተቃዋሚ ቡድን ነው። ወንበሩ ባዶ ቢሆንም ተተኪውን የሚያቀርበው ያው ቡድን ነው። ፕሬዚዳንቱ እንደ 2013ቱ በአዋጅ ብቻ እንዳያሰናብት የተደረገ ጥንቃቄ መሆኑ ነው። ነገር ግን ስምምነቱ ጁባ ውስጥ የሁለቱንም ሰዎች ጦር ጎን ለጎን አሰፈረ። በአንድ ከተማ ሁለት ጦር፣ ሁለት አዛዥ። ይህንን የጻፉ ዲፕሎማቶች እሳትና ጭድ አንድ ጎተራ ውስጥ ማስቀመጣቸውን ሳያውቁት ቀሩ ለማለት ይከብደኛል።

በኤፕሪል 2016 ዶ/ር ማቻር የተመለሱት በጋምቤላ በኩል ነው። አሥር ቀን ያህል ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 15፣ ከደቡብ ሱዳን የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች ጋምቤላ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ወስደው ነበር። ታጣቂዎቹ የማቻር ሰዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን የጎረቤት መንግሥት መፍረስ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ያን ሰሞን በግልጽ ታየ። ክልሉ ያን ጊዜም ከ200 ሺህ በላይ ስደተኞች ተሸክሞ ነበር። አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ግን ጋምቤላ ላይ ለቀናት ቆሙ። ምክንያቱ ስንት ክላሽንኮቭና ስንት መትረየስ ይዘው ይግቡ የሚለው ክርክር ነበር። አንድ ምክትል ፕሬዚዳንት ቢሮው ለመግባት የጠመንጃ ቁጥር ሲደራደር የሾመው ሕግ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። በኤፕሪል 26 ጁባ ገብተው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ሰባ ሁለት ቀን አለፈ። በጁላይ 7 በአንድ የፍተሻ ኬላ በተነሳ ተኩስ አምስት የመንግሥት ወታደሮች ሞቱ። በማግስቱ ሁለቱ መሪዎች ቤተ መንግሥት ውስጥ ሆነው ሕዝቡን ለማረጋጋት መግለጫ ሊሰጡ ሲዘጋጁ ውጭ የጠባቂዎቻቸው ተኩስ ተከፈተ። በዚያ ምሽት ማቻር በሕይወት ወጡ። በጁላይ 10 እና 11 ግን ሰፈራቸው በሄሊኮፕተርና በታንክ ተደበደበ። እርሳቸው ከተከታዮቻቸው ጋር በእግራቸው ወደ ደቡብ አቀኑ። ወደ 40 ቀን ገደማ በጫካ ሲሳደዱ ቆይተው ኮንጎ ገቡ፤ በጋራምባ ፓርክ አካባቢ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች ሲያገኟቸው እግራቸው ቆስሎ ሰውነታቸው ከስቶ ነበር። እርሳቸው ገና በጫካ ሳሉ፣ ጁባ ውስጥ የቀሩት የራሳቸው ሰዎች ስብሰባ ተቀምጠው ዋና ተደራዳሪያቸው የነበሩትን ታባን ዴንግ ጋይን በምትካቸው አቀረቡ፤ ኪርም ሾሙ። ወንበሩን ለመጠበቅ የተጻፈችው አንቀጽ ወንበሩን ለመንጠቅ ዋለች። ስምምነቱ «ተቃዋሚው ያቀርባል» ይላል እንጂ «ተቃዋሚው ማነው» የሚለውን አይመልስም።

ቀጥሎ ያለውን በአጭሩ ላልፈው። ማቻር በካርቱም ታክመው ደቡብ አፍሪካ ሄዱ፤ በዚያም እንደ ቁም እስረኛ እስከ 2018 ቆዩ። ጎረቤት አገሮች ሰውየውን ካራቁት ጦርነቱ ይሞታል ብለው ነበር። አልሞተም፤ ይልቁንም ኢኳቶሪያን አዳረሰ። በጁን 2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ሁለቱን አዲስ አበባ ላይ አገናኝተው እቅፍ አድርገዋቸው የተነሱት ፎቶ ዓለምን ዞረ። ሴፕቴምበር 12 የታደሰው ስምምነት እዚሁ ተፈረመ። በኤፕሪል 2019 ሮማ ላይ ሊቀ ጳጳሱ ፍራንሲስ ተንበርክከው እግራቸውን ስመው ሰላም ለመኗቸው። ከዚያ በኋላም ቀኑ ሁለት ጊዜ ተገፍቶ በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2020 ዶ/ር ማቻር እንደገና አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በዚህ ጊዜ ግን ምክትሎቹ አምስት ሆኑ። ታባን ዴንግም፣ ወ/ሮ ሬቤካም፣ ጄምስ ዋኒ ኢጋም፣ ሁሴን አብደልባጊም ምክትል ነበሩ። አምስት ሰው ምክትል የሆነበት አገር ምክትል የለውም ማለት ነው። ስምምነቱ ትልቁን ጉዳይ፣ ማለትም 83 ሺህ ሰው ያለበት የተዋሐደ ጦር ማቋቋምን፣ በሽግግሩ መጀመሪያ አስቀምጦት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች የተመረቁት በኦገስት 2022 ነው፤ ብዙዎቹም ደመወዝ ሳያገኙ በየካምፑ ቆዩ። በመሐሉ የማቻር ጄኔራሎች አንድ በአንድ ከዱ፤ በ2021 ኤታማዦር ሹማቸው የነበሩት ሳይመን ጋትዌች ዱዋል መሪነቱን እኔ ይዤዋለሁ ብለው አወጁ። በማርች 2023 ኪር የማቻርን ባለቤት ወ/ሮ አንጀሊና ቴኒን ከመከላከያ ሚኒስትርነት አነሱ፤ ቦታው በስምምነቱ የማቻር ወገን ድርሻ ነበር። ምርጫው ተራዘመ፤ እንደገና በሴፕቴምበር 2024 ወደ ዲሴምበር 2026 ተገፋ። ምክትሉ ጁባ ውስጥ ቤት ነበራቸው፤ ከከተማዋ ለመውጣት ግን እንደልባቸው አልነበሩም። በጫካ የነበረው ጦር እየሟሸሸ ሲሄድ የወንበሩ ዋጋም አብሮ ወረደ።

የመጨረሻው ጠብ የተነሳው በዚያችው በናስር ነው። በ2025 መጀመሪያ መንግሥት በከተማይቱ ያለውን ጦር በሌላ እተካለሁ ሲል የአካባቢው ወጣቶች ትጥቅ ሊያስፈቱን ነው ብለው ተነሱ። በማርች 4 ነጭ ጦር ካምፑን ያዘ። ከሦስት ቀን በኋላ የተከበቡትን ለማውጣት የሄደ የተባበሩት መንግሥታት ሄሊኮፕተር ተተኩሶበት የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ዴቪድ ማጁር ዳክና አንድ የበረራ ሠራተኛ ተገደሉ። የኡጋንዳ ጦር እንደ 2013ቱ ለኪር ሊያግዝ ጁባ ገባ። በማርች 26 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ከባለቤታቸው ጋር በቤታቸው ታሰሩ። በኤፕሪል በጁባ ያሉ አንዳንድ የፓርቲያቸው ሰዎች ተሰብስበው ጊዜያዊ መሪ መረጡ፤ የ2016 ትዕይንት ተደገመ። ሴፕቴምበር 11 በግድያ፣ በአገር ክህደትና በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል መከሰሳቸው ተነገረ፤ ኪርም ከሥራ አገዷቸው።

የክሱ ጭብጥ ማቻር ነጭ ጦርን ከጁባ ሆነው አዝዘዋል የሚል ነው። እርሳቸው ክደዋል። እኔ ለመፍረድ ማስረጃው የለኝም። ነገር ግን የነጭ ጦርን ባሕርይ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። እነዚህ ወጣቶች ከብታቸው፣ ሰፈራቸው ወይም ወንዛቸው ሲነካ የሚነሱ ናቸው፤ ደመወዝ የሚከፍላቸው፣ ማዕረግ የሚሰጣቸው የለም። በ1991 ወደ ቦር ሲዘምቱ ማቻር መራኋቸው አላሉም፤ መግታት አቃተኝ ነው ያሉት። በ2013 የእኔ ናቸው አሉ። በ2025 ዓቃቤ ሕግ የአንተ ናቸው ይላቸዋል። ሰውየው ለሠላሳ ዓመታት በእነዚህ ወጣቶች ስም ወንበር ሲቀበሉ ኖረዋልና «አላዝዛቸውም» የሚለው መልሳቸው ምንም እንኳ እውነት ቢሆን በቀላሉ የሚታመን አልሆነም።

የጠበቆቻቸው የመጀመሪያ ክርክር ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም የሚል ነበር። አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ስምምነት ከ2013 ወዲህ ለተፈጸሙ ታላላቅ ወንጀሎች ከአፍሪካ ኅብረት ጋር በመሆን ቅይጥ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ያዝዛል። በዚያ ፍርድ ቤት የጉዴሌው ሕንፃም፣ የቤንቲዩው መስጊድም ይታይ ነበር። በ2015 ተጻፈ፣ በ2018 ተደገመ፣ አልተቋቋመም። የጁባው ልዩ ችሎት ተቃውሞውን ውድቅ አድርጎ ክሱን ቀጠለ፤ የሚመረምረውም በማርች 2025 ናስር ላይ የሆነውን ብቻ ነው።